አራት ድርብ

«ዛሬ አልወድቅም» አለ ጀይላን።

ገና በወጉ አልነጋም ነበር። ሱብሂን ሰግዶ፣ የሚሰግድበትን ቁርበት ጠቅልሎ ግድግዳ ካስደገፈ በኋላ ነው ያለው። ለሚስቱ ለጣይባ ይበለው ለራሱ አይለይም፤ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነበር። ጣይባ ማታ የተረፈውን የማሽላ ቂጣ ፍም ላይ ታሞቃለች። ሰምታዋለች። ግን «ምን አልክ?» ብትለው ይደግመዋል፣ ከደገመው ደግሞ እውነት ይሆናል ብላ ፈራችና ዝም አለች። ቂጣው በአንድ ጎኑ አረረ። በሌላ ሰው ቤት ባል «ዛሬ ገበያ አልወጣም» ይላል፣ «ዛሬ እርሻ አልወርድም» ይላል። በእነሱ ቤት ግን መውደቅ የቤት መተዳደሪያ ከሆነ ወራት አልፈዋል።

ነገሩ ለሰሚ ግራ ነው። ጣልያን ከጣርማበር አናት ያወረደውን መንገድ በሸዋ ሮቢት አሳልፎ ወደ ካራቆሬ ሲገፋ፣ ሮቢ ወንዝ ዳር የሰፈረው ካምፖ፣ የወታደሩና የመንገድ ሠራተኛው ሰፈር፣ አለቃ አንድ ማሬሻሎ የሚሉት ባለ ማዕረግ ነበር፤ አንገቱ አጭር፣ ትከሻው ደንዳና፣ በቆላው ሙቀት ፊቱ በርበሬ የመሰለ ሰው። ይህ ሰው በጎልማሳነቱ መርከበኛ ሆኖ እስከ ሩቅ ምሥራቅ ሄዶ ኖሮ የጃፓኖችን ትግል ተምሮ መጥቷል። እኛ ጃፓንን የምናውቃት በአቡጀዲዋ ነበር፤ ከጠላት በፊት አሊዩ አምባ ገበያ ላይ እንደ ልብ የሚገኝ፣ ሁለቴ ሲታጠብ ወንፊት የሚሆን አቡጀዲ። ትግል እንዳላትም ያወቅነው በዚህ ሰው ነው። ትግሏ ደግሞ የራሱ ልብስ አለው፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ቁልፍ የሚባል ነገር የሌለው፣ እጅጌው ሰፊ፣ ግራና ቀኙ ከፊት ተደራርቦ ወገብ ላይ በመቀነት የሚታሰር። ልብሱ ከሌለ ትግሉ የለም፤ ሰውዬው የሚይዘው ገላ ሳይሆን ጨርቅ ነዋ። ኮሌታና እጅጌ ጨምድዶ ይስባል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ዞር ይላል፣ ያኔ ያኛው በትከሻው ላይ ተሽከርክሮ መሬት ላይ ይዘረጋል። ማሬሻሎው ከአገሩ ይዞ የመጣው ሁለት ልብስ ነው፤ አንዱ የጣዩ፣ አንዱ የወዳቂው። እሑድ እሑድ የከተማው ሰው በግድ ተጠርቶ ካምፖው ሜዳ ላይ ይቆማል፤ እሱም ይጥላል። ጀይላንን ለመንገዱ ድንጋይ ከሚፈልጡት መሀል የመረጠው ሰውነቱ ቀላል፣ ሲወድቅም ቶሎ የሚነሳ ስለሆነ ነው ይባላል። በምትኩ መዶሻ ቀረለት፤ በየሳምንቱም ፊኖ ዱቄት ይሰፈርለታል። ሰው መቼ ዝም ይላል፤ «ሠርቶ አደር ብዙ አይተናል፣ ወድቆ አደር ግን ጀይላን ብቻ ነው» ተባለና ስሙ ተጣበቀበት።

ይህን ሁሉ ችሎ ነበር። ያልቻለው የዓርቡን ነው። ከጁምዓ ሲወጡ ከመስጊዱ አጥር ውጪ አንድ ሰው የጣይባን ታላቅ ወንድም አደምን፣ «አማችህን ወገቡን አሞታል ይባላል፣ እንዴት ሆነ?» ብሎ ጠየቀው። አደምም «እኔ እህቴን የዳርሁ ለሰው ነበር፤ ከረጢት መሆኑን ማን ነገረኝ» አለ። የሰሙት ሳቁ። ጀይላን ከአጥሩ ወዲህ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይፈልግ ነበር። ጣይባ ወሬውን ያገኘችው ከጎረቤት እንጂ ከሱ አይደለም፤ እሱማ ቤት ገብቶ «የዛሬው ሙቀት ጉድ ነው» ብሎ ተጋደመ። አደም ለጣይባ ወንድም ብቻ አይደለም። አባታቸው በንዳድ ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት፣ ኒካዋንም ያሳሰረላት እሱ ነው። ጀይላንም እንደ አማት ነበር የሚያከብረው። በዚሁ በመውደቁ ነገር ሁለቱ ከተኳረፉ ወር አልፏቸዋል፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው ከከንፈር አያልፍም።

አለመውደቅ የሚያመጣውን ደግሞ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ከጀይላን በፊት ወዳቂ የነበረው የማጀቴ ሰው አንድ እሑድ እልህ ያዘውና የማሬሻሎውን እግር አቅፎ አብሮት ወደቀ። ሰው ሳቀ። በማግስቱ ያ ጎልማሳ በካሚዮን ተጭኖ ሄደ፤ የት እንዳደረሱት የሚያውቅ የለም፣ ሚስቱም ባል እንዳላት ይሁን እንደሞተባት ሳታውቅ ቁጭ ብላለች። ዛሬ ይባስ ብሎ ከደብረ ብርሃን ኮሎኔል ሊመጣ ነው ተብሏል።

«ሩቂያ እኮ ገና ጡት አልጣለችም» አለች ጣይባ፣ ቂጣውን እያቀረበችለት።

«አውቃለሁ።»

«ያ የማጀቴው ሰው…»

«እሱንም አውቃለሁ» አለና ያረረውን ጎን ሳያይ በላ። ውኃ ጠጣ። ሽርጡን አጥብቆ እያሰረ፣ «ልብሱን አንቺ አምጪው። እኔ እዚያ ደጅ አልቆምም» ብሎ ወጣ።

እዚያ ደጅ ያለው የአደምን ነው። የወዳቂው ልብስ ባለፈው ሰሞን ከብብቱ ጀምሮ ተተርትሮ አገልግሎቱን ጨርሶ ነበርና፣ ማሬሻሎው በአስተርጓሚው በዘውዴ በኩል የከተማውን ሸማኔ አስጠርቶ ሌላ እንዲሠራ አዘዘው። ሸማኔው አደም ነው። ደገኛው ሸማኔን ይንቃል፤ በነሱ በአርጎባዎቹ ዘንድ ግን ሽመና የወንድ ወግ ነው፣ አደምም እጁ የተመሰከረለት ነው። «ወፍራም ይሁን፤ የማይቀደድ ይሁን» ተባለ፤ ሌላ የተባለ ነገር የለም። ፈትሉን የፈተለችው ጣይባ ናት። በኛ አገር ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ነው፤ አደምም ከእህቱ እንዝርት የወጣ ካልሆነ ድር አይዘረጋም። እንዝርቷን ስታሾር ለማን ጀርባ እንደሆነ ታውቅ ነበር። እምቢ ብትል ወንድሟ ሊታሰር ነው፤ ፈተለች። ክሩ እንዳይበጠስ አጥብቃ አከረረችው፤ ሲበጠስ አደም ይቆጣላ። እንዲህ እያለ ያ ልብስ በሚስት እጅና በወንድም እጅ አልፎ ወደ ጀይላን ሊደርስ ነው።

ጣይባ ሩቂያን አዝላ ስትደርስ አደም ከሽመና ጉድጓዱ ወጥቶ ደጁ ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱ ላይ ያለውን ልብስ ጠርዝ በመርፌ ይጨርስ ነበር። ቤቱ ጥጥ ጥጥ ይሸታል፤ ጥግ ላይ ባዘቶ በሰፌድ ሙሉ ተቆልሏል። የተቀደደውን አሮጌ ልብስ ለናሙና ሰጥተውት አገላብጦ አገላብጦ አይቶት ነበር፤ ሽመናው እንደ ዳጉሳ ጉብ ጉብ ያለ፣ ድሩና ማጉ እንዴት እንደተጋባ የማይገባ ነገር ሆነበት። «ይኸን የሸመነ ሰው አላህ ይሁነው እንጂ እኔስ አልፈታውም» አለና ተወው። ወፍራም ግን ያውቃል። በኛ አገር ጨርቅ የሚወፍረው በመደረብ ነው፤ ሙቀት ሲሆን ነጠላ፣ ሲበርድ ድርብ፣ ከዚያ ሲብስ ጋቢ፣ አራት እጥፍ። ድርቦቹ በጠርዛቸው ብቻ ይያያዛሉ፣ መሀሉ ልቅ ነው፣ ጋቢን ጋቢ የሚያሰኘውም ያ ልቁ ነው። አደም የትግሉን ልብስ እንደ ጋቢ አድርጎ ሠራው። ዘርፈፍ ያለ፣ ነጭ፣ ሙሽራ የሚያኮራ ልብስ ወጣለት። ለጠላት ሥራ እጁን ማበላሸት ሲችል ለምን አላበላሸውም የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሰው ሸማኔ አያውቅም።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጋሼ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ልጅቱን ለምን በፀሐይ ይዘሻት ትዞሪያለሽ?»

ጣይባ ለወንድሟ አንቱታ የለመደች ናት፤ ድምፅዋንም ከፍ አድርጋበት አታውቅም። ተቀመጠች። ስለ ሚስቱ ስለ ራህመት ጥርስ ጠየቀች፤ ተሻላት አላት። ዘንድሮ ጥጡን ትል እንደበላው አወራት። እሷም የምሥር ዋጋ እንደተወደደ አወራችው። ሁለቱም ስለ ሌላ ነገር እያሰቡ ይህን ያህል አወሩ። በመጨረሻ ጣይባ መሬት መሬት እያየች፣ «ዛሬ አልወድቅም ይላል» አለች።

አደም መርፌውን አቆመ።

«የዓርቡን ሰምቷል፣ ጋሼ። አንቱ ባሉት ነው። አንድ ቃል ይላኩበት፤ በእኔ በኩል ይሁን፣ በሰው በኩል ይሁን። እንደሱ ማለቴ አይደለም ይበሉት። ካልወደቀ ይወስዱታል።»

አደም ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ፊቱን ወደ ስፌቱ መለሰ፤ ጣይባ ይህን መልሱን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ከዚያ ወዲያ ብትለምነው ግድግዳ እንደ መለመን ነው። ልብሱን አጣጥፎ መቀነቱን ከላዩ አኑሮ ሰጣት። «አራት ድርብ ነው» አለ። «በሬ ቢጎትተው አይቀደድም።» ጣይባ ልብሱን ተቀብላ ስትነሳ ተናደደች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በወንድሟ ላይ እውነተኛ ንዴት ተናደደች፣ ንዴቱም አስፈራት። ደህና ይዋሉ ሳትል ወጣች።

ወደ ካምፖው በሚወስደው መንገድ ዳር ሴቶች ጉሊት ተቀምጠዋል። ባለ ጨዉ ሊሬ አልቀበልም፣ ጠገራ ብር አምጡ እያለ ከአንዲት ሴት ጋር ይጨቃጨቃል። ሴትዮዋ «ጠገራውንማ ደብቃችሁ ጨረሳችሁት» ትለዋለች። ጠላ ሻጯ አበራሽ ጣይባ ብብት ሥር ያለውን ልብስ ዳሰሰችና፣ «ምነው፣ የጀይላን ሁለተኛ ሰርግ ነው እንዴ?» አለች። ክፋት የላትም፤ አፏ ነው። ሌሎቹ ግን በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ጣይባም ፈገግ ለማለት ሞከረች። ሮቢ ወንዝን ስትሻገር ውኃው መሀል ቆማ፣ ልብሱን ብትለቀውስ ብላ አሰበች። ውኃው ይወስደዋል፤ ያለ ልብስ ደግሞ ትግል የለም። ከዚያ የሚመጣውን አሰበች፤ ልብሱ የት ደረሰ ሲባል ተጠያቂው ሸማኔው ነው። ተሻገረች።

አንድ በር ብቻ ቀርቷት ነበር፤ እሱም ዘውዴ ነው። ዘውዴ ከአዲስ አበባ የመጣ አስተርጓሚ ነው፤ ቀጭን፣ ባርኔጣው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ከማንም ጋር የማይበላ ሰው። ክፉ ነው የሚሉ አሉ፣ አይደለም የሚሉም አሉ፤ እኔ እንደሚመስለኝ ፈሪ ነበር። ካምፖው በር ላይ አገኘችውና ለጥ ብላ እጅ ነሳች። «ጌታዬ፣ ባሌን አሞታል። ዛሬ እንዲተውት ይንገሩልኝ።»

«ምኑን ነው ያመመው?»

«ወገቡን።»

ዘውዴ ወዲያና ወዲህ አየ። «ኮሎኔሉ መጥቷል። ኮሎኔል ከመጣ በኋላ የሚታመም ሰው የለም፣ እትዬ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዛሬ ምን እንዳሰበ ከፊቱ አንብቤያለሁ። እንዲወድቅ ንገሪው። ወድቆ መነሳት አለ፤ ካሚዮን ላይ ወጥቶ መውረድ ግን አላየሁም» አላት።

ሜዳው ላይ የከተማው ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። ኮሎኔሉ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል፤ ሽማግሌ ነው፣ መሰልቸቱ ያስታውቃል። ማሬሻሎው የራሱን ልብስ ለብሶ እጁን ያፍታታል። ጣይባ ልብሱን ለጀይላን ስታቀብለው ጣቶቹን ይዛ ለአፍታ አልለቀቀችም፤ የዘውዴን ቃል ልትነግረው አፏን ከፈተች፣ በጣልያን የተቀጠረው ጥቁር ወታደር፣ አስካሪው፣ ገፈተራት። ጀይላን አውልቆ ለበሰ። ልብሱ ትልቅ ነበር፤ በቀጭን ገላው ላይ ሲንጠለጠል፣ መቀነቱንም ሲያዞር ወንዶቹ እንደ ወትሮው ተሳሳቁ። አደም ከሁሉም ኋላ ከግራሩ ሥር ቆሟል፤ በግድ መጥቶ እንኳ ፊቱን ወደ ወንዙ ነው ያዞረው። ጣይባ ሩቂያን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አቀፈች። በልቧ «ያ ረቢ፣ ይውደቅ» እያለች ነበር። ለባሏ እንዲህ ያለ ዱዓ ታደርጋለች ብሎ ማን አስቦ ያውቃል?

ማሬሻሎው ኮሌታውንና እጅጌውን ጨበጠ፣ ሳበ፣ ዞረ። ጨርቁ መጣ፤ ሰውዬው አልመጣም። ከአራቱ ድርብ የላይኛው ብቻ እጁ ውስጥ ገብቶ፣ ፍየል ሲገፈፍ ቆዳው ከሥጋው እንደሚለቅ ከታችኞቹ ላይ ተንሸራቶ ወጣ። ማሬሻሎው ባዶ ጨርቅ ተሸክሞ ተንገዳገደ። ጀይላን የቆመበት ቆሟል። ሁለተኛ ያዘ፤ ሁለተኛም እንደዚያው። ጀይላን አልታገለም፣ አልያዘም፣ እግሩንም አላነሳም፤ ዝም ብሎ ቆመ። ሰዉ መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንዲት ሴት «እሰይ» ልትል ብላ ዋጠችው። በሦስተኛው ማሬሻሎው ራሱ በጉልበቱ ሊንበረከክ ምንም አልቀረውም። ኮሎኔሉ ሳቀ፤ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደሰተው ያኔ ነው። ጣይባ ዱዓዋን ረሳች። ባሏ እንዲህ ተስተካክሎ ሲቆም አይታ አታውቅም፤ ደስታ አንገቷ ድረስ ሞላት፣ እንባዋ መጣ። ሊገድሉት ይችላሉ፣ ታውቃለች፤ ግን ደስ አላት። ለምን ይዋሻል።

ማሬሻሎው ኮሌታውን ገልጦ በጣቱ ፈተሸ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ድርብ። ፊቱ ሌላ መልክ አመጣ። ጮኸ። ዘውዴም ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «ይህን የሠራው ማን ነው? አውቆ ሊያዋርደኝ ነው የሠራው ይላል» አለ። መልስ መጠበቅ አላስፈለገም፤ ሁለት አስካሪዎች አደምን ከግራሩ ሥር አምጥተው መሀል ሜዳ ላይ አቆሙት። ጥምጣሙ ወድቆ ራሱ በራ።

«ወፍራም አሉኝ» አለ አደም። «ወፍራም አደረግሁ። በኛ አገር ወፍራም ይኸው ነው።»

ዘውዴ ተረጎመ። ማሬሻሎው አላመነም። ማን ያምናል፤ አንድ አገር ሙሉ ሰው እያየ፣ አለቃው እየሳቀ፣ የተዋረደው በጋቢ አሠራር ነው ቢሉት? አለንጋውን ከአስካሪው ተቀብሎ አንዴ የአደም ትከሻ ላይ አሳረፈው። አደም አልጮኸም። ከወንዙ ማዶ አንድ ካሚዮን ሞተሩ እንደተነሳ ያጓራል፤ የኮሎኔሉን ዕቃ ይዞ የመጣው ነው፣ ጣይባ ግን ወንድሟን ሊወስድ የመጣ መሰላት። ጠዋት የተናደደችው ንዴት የት እንደሄደ አላወቀችም። ወደ ባሏ አየች። ጀይላን ግን ወደሷ አያይም፤ አደምን ነው የሚያይ። ያሰበውን አግኝቷል፤ አልወደቀም፣ ያልወደቀውም እልህ ተጋብቶ ሳይሆን ቆሞ ነው፣ ማንም በሱ ሊያመካኝ አይችልም። ዝም ቢል ቤቱ ይገባል። ከዛሬ ወዲያ ወድቆ አደር የሚለው ሰው አይኖርም። ከረጢት ብሎ የሰደበው ሰው ደግሞ መሀል ሜዳ ላይ ራሱን ገልጦ ቆሟል።

«አቶ ዘውዴ» አለ ጀይላን። «ጨርቁ ምንም ጥፋት የለበትም ይበሉልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። መቀነቱን አላልቼ አስሬው ነው።»

ዘውዴ ለአፍታ አየው፤ ከዚያ ቶሎ ቶሎ ተረጎመው፤ ከተባለውም በላይ ሳይጨምርበት አልቀረም። ጀይላን መቀነቱን ፈትቶ እንደገና አጥብቆ አሰረ። ወደ ማሬሻሎው ቀረበ። የኮሌታውን አራቱን ድርብ አንድ ላይ ሰብስቦ፣ ጠቅልሎ፣ የማሬሻሎውን ቀኝ እጅ ይዞ ጭብጡ ውስጥ አስገባለት። የእጅጌውንም እንዲሁ በግራው አስያዘው። ለእንግዳ ዕቃ እንደሚያስይዝ ሰው፣ ተረጋግቶ ነው ያደረገው። ጣቶቹንም አንድ በአንድ አጠፈለት። ከዚያ እጁን ወደ ታች አወረደ።

ማሬሻሎው በንዴቱ ልክ ጣለው። ድምፁ ጣይባ እግር ሥር ተሰማ። ጀይላን ተነሳ፣ ራሱ ድርቡን ሰበሰበለት፤ ማሬሻሎው ጣለው። እንደገና ተነሳ። ጣለው። በመጨረሻው ሩቂያ አለቀሰች፤ ጣይባ ጡቷን አጎረሰቻትና ዓይኗን ሳትነቅል አየች፤ ከዚህ በፊት እሑድ እሑድ ዓይኗን ትጨፍን ነበር፣ ዛሬ መጨፈን ነውር መስሎ ታያት። ኮሎኔሉ አጨበጨበ። ሜዳው ላይ የሳቀ አንድም ሰው አልነበረም። አደምን ለቀቁት፤ ዘውዴ ልብሱን ወርውሮለት፣ «እስከ እሑድ ድረስ ድርቦቹን አንድ ላይ ጥቅጥቅ አድርገህ ስፋቸው፤ አንዱ ከሌላው እንዳይንሸራተት። ካልሆነ አንተኑ አለብስሃለሁ ይላል» አለው።

ከተሲያቱ የአስር ሶላት በኋላ ጀይላን ቤቱ ውስጥ በደረቱ ተኝቶ፣ ጣይባ ጀርባውን በሰሊጥ ዘይት እያሸችው ሳለ ደጅ ላይ የሰው ኮቴ ተሰማ። ማንኳኳት አልነበረም፤ አንድ ሰው ቆሞ ሲተነፍስ ብቻ። ጣይባ ወጥታ ስታይ አደም ነው፤ ልብሱን በብብቱ ይዟል፣ በሌላው እጁ ለጣይባ ፈትል የሚሆን ባዘቶ የሞላበት ሰፌድ። ይህን ደጅ ከረገጠ ወር አልፎታል። ጀይላን ሊነሳ ሲል አደም በእጁ ከለከለውና ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ጣይባ ውኃ አቀረበች። ጠጣ። እርጎ አቀረበች። ቀመሰ። ሩቂያ ሰፌዱ ጋ በዳዴ ሄዳ ባዘቶውን ትበትናለች። «ተይ» የሚላት ጠፋ። አደም ትከሻ ላይ ያለው ሰንበር ሸሚዙን አልፎ ያስታውቃል። ጣይባ ዘይቱን ወደሱ ገፋ አደረገችለት፤ አልነካውም።

ልብሱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መርፌውን አወጣ። ክር አስገባ። መርፌውን ወደ ልብሱ ትከሻ አስጠግቶ ገታው፤ አልወጋም። በዕድሜው ሙሉ ድርብን ከድርብ ሲያያይዝ የኖረ እጅ ነው። አሁን ግን እያንዳንዷ ስፌት የዚያን ሰው ጭብጥ እንደምታጠብቅ ያውቃል፤ ሰፍቶ ሲጨርስ ጀይላን ድርብ ሰብስቦ ማስያዝ እንኳ አያስፈልገውም። መርፌውን አንስቶ ሌላ ቦታ አስጠጋው። እዚያም አልወጋ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ጣይባ ወንድሟ ሲያለቅስ አይታ ስለማታውቅ ምን እንደሆነ ቶሎ አልገባትም።

«ይስፉት፣ ጋሼ» አለ ጀይላን ከተኛበት፣ ፊቱን ሳያዞር። «ካልተሰፋ በአንቱ ነው የሚመጣው።»

«እጄ እምቢ አለኝ» አለ አደም። ከሰላምታ ሌላ በወር ውስጥ ለጀይላን የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

ጣይባ እጇን ከዘይቱ ጠረገችና ተነስታ ልብሱን ከጉልበቱ ላይ አነሳችው። መርፌውንም ከጣቱ ወሰደችው። በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ ጋ ተቀመጠች። መስፋት ጀመረች፤ ጥቅጥቅ አድርጋ፣ ሩዝ እንደ ዘሩበት፣ እንደታዘዘው። ትከሻው ላይ ስትደርስ ግን ጠርዙን በምላጭ ተርትራ እጇን በሁለተኛውና በሦስተኛው ድርብ መሀል አስገባችና ልቁን ዳሰሰችው። ከሰፌዱ አንድ ጭብጥ ባዘቶ አነሳች፤ ለአዲስ ፈትል የተዘጋጀ፣ ገና እንዝርት ያልነካው ንጹሕ ጥጥ። ውስጡ አስገብታ በመዳፏ ዘረጋችው። ስፌቷን በላዩ ቀጠለች። ከውጭ ለሚያየው ወፍራም ልብስ ነው፤ ወፍራም ደግሞ ራሱ ማሬሻሎው ያዘዘው ነው። ሌላ ጭብጥ አነሳች። ጀይላን አንገቱን አዙሮ የምትሠራውን አየና ምንም ሳይል ፊቱን ክንዱ ላይ መለሰ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይሳቅ ያልቅስ ለማወቅ አልሞከረችም።

አደም ሲያያት ቆየ። ከዚያ በተቀመጠበት ተንፏቆ ወደሷ ቀረበ፣ ሩቂያ የበተነችውን ባዘቶ ለቃቅሞ በእጁ አለሰለሰና ያዘላት። ጨርቁን ገልብጦ በጣቱ የጎኑን ቦታ አሳያት።

«በግራው ጨምሪበት» አለ። «ሁልጊዜ የሚያርፈው በግራ ጎኑ ነው።»